«ሳይሠራ አይነበብም» ይሉ የነበሩት ጋሽ እንድሪስ

የሞጣው የስፌት መኪና ጠጋኝ፣ የማኅበራችን አባትና ሕግ አውጪ ጋሽ እንድሪስ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ይህን የምጽፈው በቢቸናም በሞጣም ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው፤ ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ ዘግይታችሁ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። መርዶው ቢቸና የደረሰው መንገዱን በእግር በመጣ አንድ የጨርቅ ነጋዴ አፍ ነው። ኔትወርክ የለም፣ መኪና የለም። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ስሰማ እርሳቸው ከተቀበሩ ሰንብተው ነበር። ለቀብራቸው አልደረስሁም፣ ለሐዘናቸውም አልደረስሁም። ነጋዴውን «እርግጠኛ ነህ?» እያልሁ ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ እሱ የበደለ ይመስል አንገቱን ደፋ።

ለማያውቁን ማኅበራችን ምን እንደነበረ ልናገር። በውጭ አገር ስቲምፓንክ የሚሉት ነገር አለ። ነዳጅና ኤሌክትሪክ ሳይመጡ ሁሉ ነገር በእንፋሎትና በነሐስ ቢሠራ ኖሮ ዓለም ምን ትመስል ነበር ብለው የሚያልሙ ሰዎች የፈጠሩት ነው። ልብ ወለድ ይጽፋሉ፣ ያነባሉ፣ ያነበቡትን በእጃቸው ይሠራሉ፣ ረጅም ባርኔጣ ላይ የብየዳ መነጽር አስረው ይዞራሉ። እኔ የእንግሊዝኛ መምህርት ስለሆንሁ መጽሐፎቹን አነብ ነበር፤ ብቻዬን፣ ሰው እንዳያይብኝ እየተሳቀቅሁ።

የተዋወቅነው የእናቴን የስፌት መኪና ላስጠግን ሞጣ የሄድሁ ዕለት ነው። ሱቃቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ሆድ ዕቃው ሁሉ ውጭ ነበር፤ ጎማው፣ ጥርሱ፣ ሞላው እየታየ ይሠራል። ክፈፉን ከአሮጌ የላምባ ምድጃ ነሐስ አውጥተውለታል። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ስቲምፓንክ ነው» አልኋቸው። ካቀረቀሩበት ቀና ሳይሉ «ስሙን አላውቅም። ዕቃ ሆዱን ሲደብቅብኝ አልወድም፤ ለዚያ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዬን ማንበብ ቀረ።

የቢቸናው በያጅ ታደለ ተጨመረ፤ ሌሎችም እንደየጊዜው መጡ፣ ሄዱ። አንድ ወር ሞጣ፣ አንድ ወር ቢቸና እየተገናኘን እኔ መጽሐፉን ወደ አማርኛ እየመለስሁ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ጎረቤቶቼ «የማን ማኅበር ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ የየትኛው ታቦት ማለታቸው ነው። ታደለ «የእንፋሎት» ሲላቸው ስቀውብን ያልፋሉ። ጋሽ እንድሪስ ግን አይስቁም። «እንፋሎትም የአላህ ነው» ብለው ቦታቸውን ይይዛሉ።

ሕጉ የመጣው በመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። እንግዳ በር ሲገፋ በእንፋሎት የሚያፏጭ ደወል ያለበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ሙሉ። ይህ ያልሽው ነገር ይሠራል?»

«ልብ ወለድ እኮ ነው ጋሼ።»

«እሱን መች ጠየቅሁሽ? ይሠራል ወይ ነው ያልሁሽ።»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እንግዲያስ ተይው። ሠርተን እናየዋለን፤ ከዚያ ትቀጥያለሽ። ሳይሠራ አይነበብም።»

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ሞጣ በተመለስሁ ጊዜ ደወሉ ሱቃቸው በር ላይ ተተክሏል። በገበያ ቀን ሲያፏጭ የአንድ ገበሬ በቅሎ ደንብራ የጫነችውን ሽንኩርት መንገድ ለመንገድ በተነችው፤ ጋሽ እንድሪስ ከገበሬው ጋር ተንበርክከው እየለቀሙ ቀና ብለው «ይሠራል፤ አንብቢ» አሉኝ። እንዲህ ሆኖ ሕግ ሆነ። መጽሐፍ ውስጥ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ንባቡ ይቆማል፤ ትንሽም ብትሆን የምትሠራ አምሳያዋ እስክትቀርብ ድረስ ማንም ገጽ አይገልጥም። በዚህች ምድር ላይ እንደ እኛ ቀስ ብሎ ልብ ወለድ ያነበበ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ታደለ አንድ ጊዜ ከፎቶ አይቶ ባርኔጣው ላይ የሰዓት ጥርሶች ለጥፎ መጣ። አምሮበት ነበር፣ አልዋሽም። ጋሽ እንድሪስ ባርኔጣውን ተቀብለው አገላበጡና «ይህ ምኑን ያንቀሳቅሳል?» አሉት። «ምንም፣ ለውበት ነው» አላቸው። «የማይዞር ጥርስ ውሸት ነው። አውርደው።» ታደለ ለሁለት ወር አኮረፈ። ከዚያ ባርኔጣውን ይዞ ብቅ አለ፤ ጥርሶቹን በክር አያይዞ፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን እጀታ ሲያዞር ባርኔጣው ራሱ ከፍ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። ጋሽ እንድሪስ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ያን ቀን ማንበብ አልቻልንም።

እንዲህ ሲባል ኃይለኛ ሰው እንዳይመስሏችሁ። እግሮቿ የማይታዘዙላት አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። የመኪናዋን መርገጫ አንሥተው በክርን የሚገፋ ዘንግ አደረጉላት፤ ብረቱን ሁሉ ደግሞ በነሐስ ቅጠል አስጌጡት። እያንዳንዱ ቅጠል ዘንጉ በተገፋ ቁጥር ይገለበጣል። እኔ ይህን ሁሉ ልፋት ለምን ብላቸው «ሰው ሲገባ መኪናዋን ይይ። እግሯን እያየ እንዲያዝንላት አልፈልግም» አሉኝ። እስካሁን ደንበኛዋ ሁሉ ቅጠሉን ሊያይ ነው የሚሄደው።

ከዚያ የመጨረሻው መጽሐፋችን መጣ። ጭስ በማይለየው ከተማ ውስጥ የምትኖር ዓይነ ስውር ሰዓት ሠሪ አለች፤ ወንድሟ በአየር መርከብ ሄዶ ጠፍቶባታል። ከመጨረሻው በፊት ባለው ምዕራፍ በእንፋሎት የምትበር የነሐስ ወፍ ትሠራለች። ወፏ ሄዳ የተላከችበትን ፈልጋ፣ ወደለቀቃት እጅ ትመለሳለች ይላል መጽሐፉ። ሴትየዋ መስኮቱን ከፍታ ወፏን ትለቃታለች። ምዕራፉ እዚያ ላይ ያበቃል። ገና ሳልጨርስ የሁላችንም ዓይን ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞረ።

«እሺ» አሉ። «መሄዷስ ይሁን። መመለሷ ነው።»

ታደለ «ገመድ እናስርላትና ምሰሶ እየዞረች ትመለስ» ብሎ ነበር። «ገመዱ መጽሐፉ ውስጥ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «የለም» አልኋቸው። «እንግዲያስ እኛም ዘንድ የለም።» ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የወፏ ዘመን ሆነ። ከስስ ቆርቆሮ ሠሯት፣ ከመዳብ ሠሯት፣ ክንፏን በጃንጥላ ጨርቅ ለበጡት። አንድ ቀን ከሱቃቸው ጣራ ላይ ለቀቋት። እያፏጨች አጥሩን ዘለለች፣ መንገዱን ተሻገረች፣ የጎረቤት ጎመን መደብ ውስጥ ገባች። ሰፈሩ ሁሉ አጨበጨበ። እርሳቸው ግን መሰላሉ ሥር ተቀምጠው ራሳቸውን በእጃቸው ያዙ። «ሄደች፣ አልተመለሰችም። ግማሽ ነው» አሉኝ።

እኔ አጠገባቸው ቆሜአለሁ። መጨረሻውን ከሁላችን አስቀድሜ ያነበብሁ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ያ መጨረሻ ደግሞ በዚያች ሰዓት ልባቸውን ባሳረፈው ነበር። ግን ሳይሠራ አይነበብም። አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥሁት።

በዚህ መሃል ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። መጀመሪያ መሰላል መውጣት፣ ቀጥሎ እስከ መስጊድ መሄድ፣ በኋላም መዶሻ ማንሣት አቃታቸው። እግራቸው አበጠ። ልባቸው ነው ተባለ፤ ትልቅ ሆስፒታል ይሂዱ ተባለ። የሚሄዱበት መንገድ ደግሞ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። በተከፈተ ሰሞን ደርሼ ስጠይቃቸው አልጋቸው ላይ ሁለት ትራስ ተደግፈው የወፏን ጅራት በሞረድ ይሞርዳሉ።

«ጋሼ፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው የቀረው። ዛሬ ላንብብልዎ።»

«ተመለሰች እንዴ?»

«አልተመለሰችም።»

«ታዲያ ምኑን ልታነቢ ነው?»

«ሕጉን ያወጡት እርስዎ፤ እርስዎው ይሻሩት!»

«ስለታመምሁ ነው ይህን የምትይኝ» አሉ፤ ሳቅም ሳልም ያዛቸው። «ለታመመ ሰው ተብሎ የሚሻር ከሆነ መጀመሪያም ሕግ አልነበረም። ስድን እሠራታለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ተናድጄ ወጣሁ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ እስከ በር ሸኝተውኝ «እኔንስ መቼ ሰምተውኝ ያውቃሉ?» አሉኝ። ቢቸና እስክደርስ መኪናው ውስጥ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር።

ከዚያ መንገዱም ኔትወርኩም አብረው ተዘጉ። አንድ ቀን ሞጣ ውሎ በስንት መከራ የመጣ ሰው ቤቴን ጠይቆ መጣ። የላኩት እትዬ ዘሀራ ናቸው። መልእክቱ አጭር ነበር፤ «‹ሙሉን፣ አንብቢ በሏት› ብለዋል።»

ጋሽ እንድሪስ ሕጋቸውን ከሻሩ እንደማይነሡ አውቀውታል ማለት ነው። በማግስቱ መናኸሪያ ሄድሁ፤ መኪና የለም። በሌላውም ቀን ሄድሁ፤ የለም። ከኔ ጋር የቆመው ሰው ሁሉ የየራሱ ጭንቅ አለበት፤ የኔ መጽሐፍ ነው ብዬ ለማን እናገራለሁ? በመጨረሻ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የመጨረሻውን ምዕራፍ በስልኬ ቀዳሁት። ሁለት ጊዜ ድምፄ ተሰብሮ እንደገና ጀመርሁ፤ ለቅሶዬን እንዳይሰሙ ብዬ። ሚሞሪውን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ታደለ ባገኘው የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ላክሁት።

ሾፌሩ ጉንደ ወይን ደርሶ ከዚያ ወዲያ ማለፍ አልቻለም። መኪናው ውስጥ እየተኛ ጠበቀ፤ ሲሰለቸው በእግሩ ሞከረ፣ መንገዱን የዘጉት ሰዎች መለሱት። በስተመጨረሻ ቢቸና ተመልሶ ሚሞሪውን እጄ ላይ አስቀመጠው። «መምህርት፣ እኔ እኮ መድኃኒት መስሎኝ ነበር» አለኝ። አይደለም ማለት አልቻልሁም። የጨርቅ ነጋዴው መርዶውን ይዞ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ከታደለ ጋር ለሐዘን ሄድን። እትዬ ዘሀራ ከአልጋው አጠገብ አስቀመጡን። «ያን ሰሞን ከደጅ መኪና በተሰማ ቁጥር ‹ሙሉ ናት?› ይሉኛል፤ ‹አይደለችም› እላለሁ። ኋላ ላይ ‹ናት› ብላቸውስ ብዬ አሰብሁ። ግን መጽሐፉን አላውቀው፤ ምን ብዬ ላንብብላቸው?» አሉን። ታደለ ተነሥቶ ወጣ። እኔ ሚሞሪውን ሰጠኋቸው፤ አይተው መለሱልኝ። «ለሳቸው ነው የተነበበው። ለሳቸው ንገሪያቸው» አሉኝ። ሌላ የምነግርበት መንገድ ስለሌለኝ እዚሁ፣ በእናንተ ፊት እነግራቸዋለሁ።

ጋሽ እንድሪስ፣ አላህ ጀነትን ይወፍቅዎ። ራስዎ ስለፈቀዱልኝ አይቆጡኝም፤ ካቆምንበት እቀጥላለሁ። ሴትየዋ መስኮቱን ከፍታ፣ መዳፏን ዘርግታ ትቀመጣለች። ክረምት ይገባል፣ ክረምት ይወጣል። ወፏ አትመለስም፣ ጋሼ። መጽሐፉ ውስጥም አትመለስም። ወንድሟን አግኝታዋለች፤ በረዶ ላይ ከወደቀው መርከቡ ሥር ብቻውን ተኝቷል። መዳፉ ላይ ስታርፍ ሆዷ ገና ትኩስ ነው። መልሶ ሊለቃት ይገባው ነበር፤ ግን ብርዱ በርትቶበታል፣ እጁን የሚያሞቅበት ሌላ ነገር የለውም። ደረቱ ላይ አቀፋት፤ እስክትቀዘቅዝም አልለቀቃትም። እህቱ ይህን አታውቅም። መጽሐፉ የሚያልቀው መዳፏ እንደተዘረጋ ነው። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ። ይህን በጆሮዎ ልነግርዎ ነበር የምፈልገው፤ አልቻልሁም።