የብርቄ ገመድ

የምኖርበት ወሰን ሰፈር መብራት በጠፋ ቁጥር የማነደውን እንጨት ብርቄ ከእንጦጦ ተሸክማ ታመጣልኛለች። እኔ ደግሞ ደጄ ላይ ቆሜ «ዛሬስ አነሰ» እላለሁ።

«እትዬ፣ አንድ ቀን አብረውኝ ይውጡና ይዩት» አለችኝ። ነገሩ ከነከነኝ። ቅዳሜ ማለዳ ተነሳሁ።

ታክሲው ከየካ በላይ አስፋልቱ ሲያልቅ አወረደን። የብርቄ ጎረቤት ፀሐይ፣ ቀጭን ወጣት እናት፣ እዚያ ጠብቃን ነበር። ባህር ዛፉን አልፈን ጥዱ ውስጥ እስክንገባ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ብርቄ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝና ሳቀችብኝ።

ጥዱ ጥብቅ ደን ነው፤ የወደቀ ጭራሮ ማንሳት እንኳ ክልክል ነው።

«ዘበኛ ከመጣ እንጨቱን ጥለን ገመዱን ይዘን ነው የምንሮጠው» አለችኝ ብርቄ። «እንጨት ነገም አለ። ገመድ ከተወሰደ ግን የልጆቼ እንጀራ አብሮ ሄደ።»

ቁልቁለቱ

ሁለቱ የለቀሙትን አስረው፣ ተሸክመው መውረድ እንደጀመሩ የዘበኛ ፊሽካ ሰማን። ብርቄ ሸክሟን ጥላ ገመዷን ከሻርፗ ስር ወገቧ ላይ ጠመጠመችው። ፀሐይ ግን እንጨቱ አሳዝኗት ከነሸክሟ ልትሮጥ ስትል አዳለጣት። እስሩ ወደ ገደሉ ተንከባለለ፤ ደረቷ ላይ የነበረው ገመድ ወደ አንገቷ ወጣ። ብንጎትት፣ ብንጎትት ቋጠሮው አልላላ አለ። ብርቄ ቢላዋዋን አወጣች።

«እንዳትቆርጪው!» አለች ፀሐይ እየታነቀች። «በልጆቼ!»

«ቁረጪው!» ብዬ ጮህኩ።

ቆረጠችው። ፀሐይ መሬት ላይ ተዘርራ ስትስል ዘበኛው ደረሰ።

«ገመድ!» አለ እጁን ዘርግቶ። ብርቄ የተቆረጠውን ሰጠችው።

«ያንቺስ?»

«ያለን ይኸው ነው።»

ወገቧን እንዳላይ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ዘበኛው ቁራጩን ብብቱ ስር ከተተና «ውረዱ!» አለን።

መመለስ

ፀሐይን ደግፈን እስከ ደጇ አደረስናት። እዚያ ብርቄ ገመዷን ከወገቧ ፈታች፤ እኩል አጠፈችና መሃሉን ቆረጠችው።

«ምን ነካሽ? ልጆችሽስ?» አለች ፀሐይ።

«ያንቺዎቹስ? ግማሽ ግማሽ እንሸከማለን።»

ፀሐይ አለቀሰች፤ እኔም አልቻልኩም።

በመገናኛ በኩል ቤቴ ስገባ ልብሴ ጥድ ጥድ ይሸት ነበር። ከመንገዱ የተማርኩት ግን የገባኝ በሳምንቱ ነው። ብርቄ በግማሽ ገመድ የታሰረ ትንሽ ሸክም ይዛ መጣች። የለመደች ምላሴ ልትናገር ስትል ያዝኳት።

«ዛሬስ ምንም አይሉም እንዴ እትዬ?» አለችኝ።

ሸክሙን ከጀርባዋ አወረድኩላት።