አክሊሉ ትሁት የሆነ ቀን

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ሻይ ቤት የሚወራውን ካመናችሁ፣ ሲስተር ሙሉወርቅ የሞተ ሰው አስነስታለች። ሟቹ አክሊሉ ነው፤ ያው በየማለዳው «ሆመቾ! ሞርሲቶ! ጊምቢቹ!» እያለ መንገደኛ የሚጠራው። ለአዲስ ዓመቱ በዓል ለያሆዴ ዋዜማ በሞተር ሲሄድ ነጠላው ጎማ ውስጥ ገብቶ አነቀው፣ ሞተ፣ ሲስተር በስሙ ጠራችው፣ ተነሣ። ወሬው ሆመቾ ሲደርስ አስከሬኑ ቀዝቅዟል። ሞርሲቶ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ጊምቢቹ የገባው ደግሞ፣ አክሊሉ ከሳጥኑ ውስጥ ቀና ብሎ «የበዓሉ አታካና በስሎ ደረሰ ወይ?» አለ የሚል ነው።

ነገሩ ትንሽ ያጠራጥራል። «በዓይኔ ነው ያየሁት» የሚለው ሰው ሁሉ እውነቱን ከሆነ፣ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ስታዲየም ማከል ነበረበት። ደግሞም ሲስተር ሙሉወርቅን የሚያውቅ ሰው ተአምር ከእሷ አይጠብቅም። የአንጋጫ ልጅ ናት፤ እዚያው ድንገተኛ ክፍል ነርስ ስትሆን፣ ዋናው ሥራዋ መስማት ነው። እሁድ ቅዳሴ ላይ ከኋላዋ የሚያስለውን ሰው ዞር ሳትል «ይሄ እንኳ ደረቅ ሳል ነው» ትላለች። ገበያ ስትወጣ የቲማቲሙን ዋጋ ከመጠየቋ በፊት የሻጯን አተነፋፈስ ታዳምጣለች። ባሏ መምህር ጴጥሮስ «እኔ ቤት ማንኮራፋት እንኳ ምርመራ አለው» እያለ ለባልደረቦቹ ያማርራል።

ቤታቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ስለሆነ፣ በአክሊሉ ጩኸት ያልነቃችበት ማለዳ የለም። አንድ ቀን በመስኮት ብቅ ብላ፣

«አንተ ሰውዬ፣ ጊምቢቹ ያሉት እኮ ሰምተውሃል፤ አሁን እኛን ተወን!» አለችው።

«እነሱ ሰምተው መች መጡ፣ ሲስተር?» ብሎ ጨመረበት።

በያሆዴ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ይኸው አክሊሉ በገዛ እግሩ እየተራመደ ድንገተኛ ክፍል ገባ። በአንድ በኩል ሚስቱ ውቢት፣ በሌላ በኩል ሞተረኛው ሚክያስ ይዘውታል። ነጠላው ጎማ ላይ ተጠምጥሞ አንገቱን ሲያንቀው፣ ሚክያስ ሞተሩን አቁሞ ለቅርጫው በተሳለ ቢላዋ ቆርጦ ነው ያላቀቀው። አክሊሉ ለአፍታ ራሱን ስቶ ነቃ። አንገቱ ላይ ቀይ ሰንበር አለ፤ ሌላ ምንም አይታይም።

«ይቅርታ ሲስተር፣ በበዓል ላስቸግርሽ ነው» አለ፤ በቀስታ፣ በለሆሳስ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ውቢት እንባዋ መጣ።

«ጌታ ልቡን ሰበረው! ከተጋባን ጀምሮ ድምፁን ቀንስልኝ እያልኩ ስጸልይ፣ ለካ መልሱ ነጠላው ውስጥ ነበር!»

ሁሉም ሳቀ። ሲስተር ብቻ አልሳቀችም።

«ውቢት፣ ዛሬ ጠዋት ድምፁ እንዴት ነበር?»

«ምን ይሆናል? ሰፈሩን ቀስቅሶ ነው የወጣው።»

«አክሊሉ፣ እስቲ እንደ ጠዋቱ ጥራ።»

«እዚህ?»

«እዚሁ።»

«ሆመቾ» አለ። ሻከረ። «ሞርሲቶ» ቀጠነ። «ጊምቢቹ» ከንፈሩ ላይ ቀረ።

«ደክሞኝ ነው፤ ልሂድ፣ የቅርጫው በሬ ይጠብቀኛል» ብሎ ሊነሣ ሲል፣ ውቢት ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሠራችውን የዋዜማ አታካና ከዘንቢሏ አውጥታ ከፈተች። ሽታው ኮሪደሩን ሞላው።

«ቅቤው ጉሮሮውን ያለሰልስለታል፣ ሲስተር።»

አምና የሦስት ቤት አታካና ጨርሶ አራተኛ ቤት ያንኳኳው አክሊሉ ፊቱን አዞረ። ምራቁን እንኳ መዋጥ አቅቶት መሐረቡ ላይ ተፋ። ሲስተር ሳህኑን ከደነችው።

«በአፉ ምንም አይገባም። ውሃም ቢሆን።»

«ዋዜማ እኮ ነው!»

«ስሚኝ የኔ እናት። ውጪውን አትዪ፤ ነጠላው የጨመቀው ውስጡን ነው። ውስጡ ደግሞ ቀስ እያለ ያብጣል። እብጠቱ ድምፁን ወስዷል፤ ቀጥሎ የሚወስደው ትንፋሹን ነው። መንገድ ላይ ቢዘጋበት ማን ይደርስለታል?»

አክሊሉ ግን ተነሣ። ሲስተር በሩ ላይ ቆመች። ቁመቷ ከኦክስጅን ሲሊንደሩ ብዙም አይበልጥም፤ ያን ዕለት ግን በሩን የጅብራ ያህል ዘጋችው። ሊከራከራት በረጅሙ ሲተነፍስ ከጉሮሮው ፉጨት ወጣ፤ ቀጭን፣ የማንቆርቆሪያ ዓይነት። እሱ ራሱ ሰማው። ውቢት እጁን ጨበጠች፣ አክሊሉም ቁጭ አለ።

ሲስተር ቀና አድርጋ አስቀመጠችው፣ አንገቱ እንዳይነቃነቅ አስያዘች፣ ኦክስጅን ሰጠችው፣ ዶክተር ኪሩቤልን አስጠራች። ዶክተሩ ፉጨቱን ከበሩ ሰምቶ የማደንዘዣ ባለሙያውን ይዞ በሩጫ መጣ። እብጠቱ ሳይቀድማቸው በአፉ በኩል የመተንፈሻ ቱቦ አስገቡለት።

«ትንሽ ብንቆይ ቱቦው የሚያልፍበት አልነበረም» አላት ዶክተሩ ለውቢት። ውቢት በዓሉን ሙሉ አታካናውን አቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ዋለች፤ በኋላ ለአስታማሚዎቹ ሁሉ አከፋፈለችው።

እብጠቱ ሲወርድ ቱቦው ወጣ። መጀመሪያ ውሃ በማንኪያ ተሞከረ፤ ዋጠ። ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ከተኝቶ ታካሚዎች ክፍል «ሞርሲቶ!» የሚል ጩኸት ተሰማና አጠገቡ የተኙት ባንድ ድምፅ «ይሄ ሰው ድኗል፤ አስወጡልን!» አሉ።

አሁን ሲስተር ያቺ ሻይ ቤት ብቅ ካለች ሰው ወንበር ይለቅላታል።

«እስቲ በሞቴ ንገሪን ሲስተር፣ የሞተውን ሰውዬ እንዴት አስነሣሽው?»

ከውጭ «ሆመቾ! ሞርሲቶ! ጊምቢቹ!» ይሰማል። ሲስተር ሙሉወርቅ ድምፁን እስከ መጨረሻው አዳምጣ ብርጭቆዋን ታስቀምጣለች።

«አልሞተም። ሳጥን አልነበረም፣ ድንኳን አልነበረም፣ ማንንም አላስነሣሁም። በእግሩ መጣ፣ በእግሩ ሊሄድ ሲል ቁጭ በል አልኩት።»