የምትጮኸዋን ሞተር ይዤ፦ ከባቱ እስከ ሱሉልታ

የጀልባዬ ሞተር መጮኽ የጀመረችው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። መሐል ሐይቅ ላይ ጢው፣ ጢው ትልና ጉልበቷ ይከዳታል። ከገዛኋት ሁለት ዓመት አልሞላትም። ስለዚህ ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም፤ ቶሎሳን ያዝኩ። ቶሎሳ ስምንት ዓመት ጀልባው ላይ አብሮኝ የሠራ፣ ቁልፉ እጁ ላይ የሚያድር ሰው ነው። ባቱ ጀልባ ማቆሚያው ላይ፣ ተሳፋሪ እየሰማ፣ «ኦሪጅናሉን ዕቃ ፈተህ ሸጠሃል!» አልኩት። በልጆቹ ማለልኝ። «የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ!» ብዬ ቁልፉን ነጥቄ አባረርኩት።

እንግዲህ የጉዞዬ ዓላማ ሁለት ነበር። አንደኛው ሞተሯን ማሠራት። ሁለተኛው የተሰረቀውን ዕቃ ስም ይዤ ተመልሼ ቶሎሳን ፖሊስ ጣቢያ ማቆም።

ሰኞ፣ ሰበታ

ሞተሯን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ ወጥቼ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሳሁ። ቤንዚንም የራሴን በጀሪካን ይዣለሁ፤ የሰው ቤንዚን አላምንማ! ሾፌሩ «ይሄ ነገር አንድ ቀን ያነደናል» እያለ አጉረመረመ። ቡታጅራ ላይ ሁሉም ለቁርስ ሲወርድ እኔ ዳቦዬን እዚያው ሽንኩርቱ ላይ ተቀምጬ በላሁ። ወርጄ ስመለስ ሞተሯን ባላገኛትስ?

ዓለም ገና ላይ ባጃጁና ሚኒባሱ ተጠላልፎ አንድ ሰዓት ቆመን። ሰበታ አስፋልቱ ዳር ያለ ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎረምሳ፣ ሞተሯን ውኃ በሞላ በርሜል ላይ አሥሮ በኔው ቤንዚን አስነሳት። ብዙም ሳትቆይ ጮኸች።

«ብሮ፣ ኮምፒውተሯ ሄዷል» አለኝ። «መቶ ሰማንያ ሺ።»

«ሰው ነካክቶታል?»

«ኧረ በደንብ!»

እውነቱን ልናገር፣ መቶ ሰማንያ ሺ ብር ተጠርቶብኝ ደስ አለኝ። ቶሎሳ ተያዘ ማለት ነዋ! ግን ሰውየው ክዳኗን እንኳ ሳይከፍት ነው ያወቀው። «እዚህ ትደር» ሲለኝ ደግሞ ጭራሽ ጠረጠርኩት። እንኳን ሞተር፣ ጫማዬንም እሱ ጋ አላሳድር! አልጋ ይዤ ሞተሯን ከራስጌዬ አስተኛኋት።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ቡራዩ

በሦስት ሺህ ብር ዳማስ ተኮናትሬ ቡራዩ ሄድኩ። መለዋወጫ የምትሸጠው ወይዘሮ ዘምዘም የምትባል ሴት ናት። ኮምፒውተሩን ስጠይቃት የሞተሯ ጩኸት እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ልሸጥልህ እችላለሁ» አለች፣ «ግን ሳታስመረምር ብርህን አትበትን። ሱሉልታ ኦቦ ለሚ የሚባሉ የውኃ ፓምፕ ሠሪ አሉ፤ መጀመሪያ እሳቸው ይዩልህ።»

ነጋዴ ገበያዋን ስትመልስ አይቼ አላውቅም። መቼም ኮሚሽን ቢኖራት ነው ብዬ፣ እያጉተመተምኩም ቢሆን ሄድኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሱሉልታ

በእንጦጦ በኩል ስንወርድ ብርዱ አጥንት ይገባል። እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች እንዲህ ዓይነት ብርድ አናውቅም። ኦቦ ለሚ ከከብት ማሰማሪያው አጠገብ በቆርቆሮ ቤት ይሠራሉ፤ ሰባ ሳይሞላቸው አይቀርም። «አካም ጅርቱ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። «ነጋ፣ ደኅና» አሉና እጃቸውን ሳይሆን ጆሯቸውን ወደ ሞተሯ አስቀደሙ። አስነስተዋት ስትጮህ አጠፏትና ከጎኗ ያለችውን የቤንዚን ማጣሪያ ኩባያ ፈቱ። እኔ ዓይኔን ከእጃቸው ላይ አልነቀልኩም። ኩባያዋን ብርጭቆ ውስጥ ገለበጧት። ከላይ ቤንዚን፣ ከታች ውኃ።

«ጩኸቷ ይኸው ነው። ውኃ ጠጣሁ እያለችህ ነው» አሉ።

«ቶሎሳ!» ብዬ ጮኽኩ። «ቤንዚኑን እየጠጣ ውኃ ሲሞላበት ኖሯል!»

ኦቦ ለሚ ከብርጭቆው ሥር አንድ ነገር በጣታቸው አወጡ። አረንጓዴ፣ ክር የምታክል የሐይቅ ሣር።

«ሌባ ከቧንቧ ይቀዳል እንጂ ሐይቅ ድረስ ምን አስኬደው? ለመሆኑ ጀሪካኑን የት ነው የምታሳድረው?»

ላብ አጠመቀኝ፣ በዚያ ብርድ። ከወር በፊት ቤንዚን ከጀልባው ከጠፋብኝ ወዲህ ጀሪካኑን ማንም እንዳያገኘው ድንጋይ አሥሬ ቄጠማው ውስጥ፣ ውኃ ሥር ነበር የማሳድረው። በራሴ እጅ፣ ማንም ሳያየኝ።

«እዚያው ሐይቁ ውስጥ» አልኳቸው።

ጀሪካኑን ተቀብለው ክዳኑን አዩት። ጎማው ተበልቷል። «ቀን ሲሞቅ ይተነፍሳል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውኃ ይስባል። ምን ያድርግ?» አሉ። ስንት ልክፈል ብላቸው ስምንት መቶ ብር አሉኝ። እውነት ለመናገር፣ እሱንም ለምን አነሰ ብዬ ጠረጠርኩ።

«አባቴ፣ ሌላ የተደበቀ ነገር የለም?» ስላቸው ሳቁብኝ። «አለ እንጂ፣» አሉ በጣታቸው ደረቴን እየጠቆሙ፣ «እሱን ግን እኔ አልፈታልህም።»

ረቡዕ፣ ባቱ

መንገዱን ሙሉ የቶሎሳ መሐላ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ልጆቹን በስማቸው አውቃቸዋለሁ እኮ! ጀልባ ማቆሚያው ስደርስ ቶሎሳ የሰው መረብ ይጠግናል፤ የዕለት ሥራ መሆኑ ነው። ተሳፋሪው ወረፋ ይዟል። በሰው ፊት አዋርጄዋለሁና በሰው ፊት ተናገርኩ፤ ውኃውንም፣ ጀሪካኑንም፣ ሣሩንም ሳልደብቅ።

ቶሎሳ መርፌውን ከመረቡ ላይ ነቅሎ አየኝ።

«ከማን ደብቀኸው ነበር?»

ከሌባ ብል ማን ያውቅብኛል? ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ውሸት ላይ ልይዝ ስሯሯጥ የኖርኩ ሰው፣ ከንፈሬ ላይ የመጣችውን ውሸት ዋጥኳት።

«ካንተ» አልኩት።

የጀልባውን ቁልፍ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። ጎንበስ ብሎ ሞተሯን በአንድ በኩል ያዘና፣ «በዚያ በኩል አንሳ» አለኝ።