ጠላት የሌለው ልጅ

ቡታጅራ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የምትጽፈው ሳምሪ ደብዳቤ ሊያጽፉ የመጡትን ሽማግሌ አታውቃቸውም። ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ በየተራ ጨብጠው ነው የተቀመጡት። የለበሱት የወጣት ጃኬት ነው፤ ረዝሞባቸው እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፈውታል።

ባሕር ማዶ የተሰደደው ልጃቸው ጥገኝነት ተከልክሎ ይግባኝ ብሏል፤ ፍርድ ቤቱ፣ ቢመለስ ምን እንደሚደርስበት የሚያሳይ ማስረጃ ከአገር ቤት ይፈልጋል።

«ልጄ ጨዋ ነው፤ ጠላት የለውም ብለሽ ጻፊ» አሏት ኮራ ብለው።

የሳምሪ ጣቶች ቆሙ። «አባባ፣ እንዲህ ካልንማ ይመልሱታል።»

ሽማግሌው የታጠፈውን እጅጌ ዳበሱ።

«ሰርዢው በቃ። ታላቅ ወንድሙን፣ የዚህን ጃኬት ባለቤት፣ ‹ጠላት የለህም፣ ማን ይነካሃል› ብዬ ከተደበቀበት ያወጣሁት እኔ ነኝ።»