የሠራ እጅ አይፈርምም

ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የወጣን ዕለት የአውሮፕላኑን ወንበር ሁሉ ነቅለውት ነበር። ብዙ ሰው እንዲይዝ ነው አሉን። ዘመድ አዝማዱ ወለሉ ላይ ተደርድሮ «ኢየሩሳሌም! ኢየሩሳሌም!» እያለ ያለቅሳል፤ እኔ ደግሞ፣ አትፍረዱብኝ፣ ወንበሮቹ የተነቀሉበትን ሐዲድ በጣቴ እየዳሰስኩ «ይህን ማን ፈተሸው?» እላለሁ። ባለቤቴ እጄን መታ አደረገችኝና «ዛሬ እንኳ ተሳፋሪ ሁን!» አለችኝ። ምን ላድርግ? አዲስ አበባ፣ አውሮፕላን በሚጠገንበት ሃንጋር ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኢንስፔክተር ነበርኩ። መካኒኩ የሠራውን እኔ አይቼ ካልፈረምኩና የራሴ ቁጥር ያለበትን ማኅተም ካልመታሁበት አውሮፕላኑ አይነሣም።

አሽቀሎን ሰፈርን። እዚህ አገር ሐምሌ ላይ ጠብታ የለም፤ ዝናቡ የሚመጣው በጥር ነው፣ ያውም ከባሕሩ ነፋስ ጋር። ሁሉ ነገር ተገለባብጧል፤ እኔም አብሬ ተገለበጥኩ። ፀሐይ ሳትወጣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ተነሥቼ፣ ከከተማ ውጭ ያለ አንድ የጥገና ሃንጋር እሄዳለሁ። ዘይት እጠርጋለሁ፣ መሰላል እገፋለሁ።

የኢንስፔክተር ማኅተሙ የግሪጎሪ ነው። ግሪጎሪ እንደኔው አዲስ ገቢ ነው፤ ከሩሲያ የመጣ፣ ዕብራይስጡ ከኔም የባሰ። የሱን የምስክር ወረቀት ግን ወዲያው አመኑለት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀናሁ። ዳቦውን በሽንኩርት ሲገምጥ እንኳ ያናድደኛል።

ድሮ ኢንስፔክተሮቹ ሦስት ነበሩ አሉ። ወጪ ይቀነስ ተባለና አንድ እሱ ቀረ። መካኒክም ስላነሰ ግሪጎሪ ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ያስራል፣ ራሱ ያትማል። አዲስ አበባ፣ በኛ ሃንጋር ይህ ነውር ነበር። የሠራ እጅ አይፈርምም፤ ሰው የገዛ ስሕተቱ አይታየውማ!

አንድ ቀን ከአንድ አውሮፕላን ጅራት ሥር ዘይት ስጠርግ ቀና ብል፣ ጅራቱን በሚያንቀሳቅሰው ዘንግ ላይ ብሎኑ እንዳይፈታ የምትሰካው ሽቦ የለችም። የሥራ ወረቀቱን አየሁ። ግሪጎሪ ሠርቶታል፣ ግሪጎሪ አትሞበታል። አውሮፕላኑ ከሰዓት በኋላ ሰው ጭኖ ይነሣል።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ምሳዬን ይዤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። መናሄሉ፣ አለቃችን ማለቴ ነው፣ ራሱ ቢደርስበትና ግሪጎሪን ቢያባርረው፣ ማኅተሙ ለማን ይሆናል እያልኩ። ከዚያ የሚሳፈሩትን ሰዎች አሰብኩ። ምሳዬን አስቀመጥኩ። ተነሥቼ ግሪጎሪን በእጁ ጎትቼ አሳየሁት።

ፊቱ አመድ መሰለ። መሰላሉ ላይ ቁጭ አለና «ለቫድ፣ ለቫድ» አለኝ፤ ብቻዬን ነኝ ማለቱ ነው። ሽቦዋን ከሰካ በኋላ እኔን ይዞ መናሄሉ ቢሮ ገባ። ራሱን አጋለጠ፣ ታምኑኛላችሁ?

«ስሕተቴን ያገኘው ይህ ሰው ነው። ኢንስፔክተር ነበር። ሁለተኛ ፈታሽ አድርግልኝ» አለው።

መናሄሉ ከእግር እስከ ራስ አየኝ። «ኢትዮጵያ አውሮፕላን አለ?»

«የለም። አሥራ አንድ ዓመት አህያ ነው የፈተሽኩት።»

ቀልዴ አልገባውም። «ተዑዳስ?» ሲለኝ የምስክር ወረቀቴን ሰጠሁት። ገልብጦ አየውና «ይተርጎም። ፈተናም አለ፣ በዕብራይስጥ። ሳቭላኑት፣ ትዕግሥት! እስከዚያው አንተ እይለት፣ እሱ ያትማል» አለኝ።

ይኸው እኔ አያለሁ፣ እሱ ያትማል። እስካሁን ያመለጠን ነገር የለም። ሲያትም ግን ፊቴን አዞራለሁ። ደግ ሰው መሆኑ ደግሞ ባሰብኝ፤ እንደ ልቤ እንዳልጠላው አደረገኝ።

ባለፈው እሑድ አዲስ አበባ ለታደሰ ደወልኩ። ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«ጋሼ ወርቁ፣ ኢንስፔክተር ሆንኩ እኮ!» አለኝ።

«እንኳን ደስ አለህ» አልኩት። በሱም ቀናሁ።

«ደግሞ ማኅተሙ ላይ ያለው ቁጥር ያንተው ነው፤ አሥራ ሰባት! ሲሰጡኝ አለቀስኩ። አንተስ፣ እዚያ ስንት ቁጥር ደረሰህ?»

«አይሰማም፣ ታዴ፣ መስመሩ አይሰማም» አልኩት።

«ጋሼ! ቁጥርህ ስንት ነው ነው የምልህ!»

አጠገቤ ሆኖ የሚናገር ያህል ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። ስልኩን ዘጋሁት።