ጋሼ ይማም ያመጣልን ፊልም

ልጅ ሳለሁ፣ ሲኒማ ቤት ምን እንደሚመስል ሳላውቅ፣ አንድ ፊልም ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አውቅ ነበር። ያመጣልን ጎረቤታችን ጋሼ ይማም ነው። ከደሴ እስከ እኛ ከተማ መካነ ሰላም የጭነት መኪና የሚነዳ ጨዋታ አዋቂ ነበር። አንድ ጊዜ ደሴ ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየውን የፈረንጅ ፊልም፣ እሱ እስላም ሆኖ ሳለ፣ በየዓመቱ ለገና ዋዜማ እኛ ቤት እየመጣ ይተርክልናል። ያኔ እናቴ ምድጃው ላይ ግንድ ትጨምራለች፣ ኩራዙ ይለኮሳል፣ እሱም ካቦርቱን ሳያወልቅ ይጀምራል።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የባቡር ሠራተኛ በበዓል ዋዜማ ወደ ቤቱ ሲጓዝ በረዶ መንገድ ይዘጋበታል። ሚስቱና ልጆቹ ማዕድ ዘርግተው ይጠብቁታል፤ እሱ በእግሩ ይመጣል። ጋሼ ይማም የፊልሙን ቋንቋ ስለማያውቅ ንግግሩን ሁሉ ከራሱ ያመነጨዋል። የፈረንጁ ሚስት «ወላሂ፣ እሱ ሳይመጣ እህል በአፌ አይዞርም» ስትል ማናችንንም አይገርመንም ነበር።

ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ገና ግን ቤታችን እንግዳ ነበረበት። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ ከቆላው ብዙ ሰው ወደ ከተማው ወጥቶ ነበርና፣ አባቴ እትዬ የሺ የሚባሉ ሴት ከልጃቸው ከእንጉዳይ ጋር አስጠግቶ ነበር። ባለቤታቸው እህል ፍለጋ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ከገባ ወራት አልፈውታል፤ ወሬው የለም። እንጉዳይ እኩያዬ ነበረች። አንድ ቁርበት ላይ ነበር የምንተኛው፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ቀና ትላለች።

በዚያች ዋዜማ እጃችን ላይ የነበረው እፍኝ ንፍሮ ነው። ጋሼ ይማም መተረክ አልፈለገም፤ እናቴ ናት ልጆቹ ይሳቁ ብላ የለመነችው። ማዕዱን ዘሎት አለፈ። በረዶው ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ፣ እንደተነፋ ዱቄት ከሰማይ እየወረደ ምድሩን አለበሰው አለ። እትዬ የሺ ከጥጋቸው ሆነው፣ ታዲያ የዚያ አገር ሰው አቁማዳውን ይዞ አይወጣም ወይ ብለው ጠየቁ። ሁላችንም በሳቅ ፍርስ አልን፤ እሳቸውም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

የባቡር ሠራተኛው ደጁ ሲደርስ የጋሼ ይማም ዓይን እንጉዳይ ላይ አረፈ። ጉልበቷን አቅፋ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ንግግሩን አቋረጠና፣ ሲኒማ ቤት አንዳንዴ እንደሚያጋጥመው፣ እዚህ ላይ ፊልሙ ተበጠሰ አለን። መጨረሻውን የምናውቅ ልጆች ልንጮህ ስንነሳ አባቴ በዓይኑ ገሠጸን። ያኔ ምክንያቱ ስላልገባኝ እጅግ ተናደድኩ።

እትዬ የሺ ግን ገብቷቸዋል።

«አንቱ ይማም፣ ይግባ እንጂ» አሉ በዝግታ። «ለኛ አስበው ከሆነ አይተዉት። በተረትም ቢሆን አንድ ሰው ቤቱ ሲገባ እንስማ።»

ጋሼ ይማም ተነስቶ የበሩን ሳንቃ አንኳኳና ሰውዬውን አስገባው። በረዶውን ከትከሻው አራገፈለት፣ ልጆቹን አንገቱ ላይ አንጠለጠለበት። እናቴ እልል አለች፤ እትዬ የሺ ተከተሏት፤ ጎረቤቶቻችን ምን ተገኘ ብለው መጡ። ችግሩ ከገባ ወዲህ በሰፈራችን እልልታ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። እንደዚያን ምሽት ተደስቼ አላውቅም።

አሁን ደሴ ነው የምኖረው። ፊልሙ በገና ሰሞን በቴሌቪዥን ይታያል፤ ሚስትየዋ ለካ አንዲት ቃል እንኳ አትናገርም። በሩ ሲከፈት እንባዬ ይመጣል፤ ልጆቼም መጨረሻውን እያወቅሽው ምን ያስለቅስሻል ይሉኛል። ስለማውቀው እኮ ነው የማለቅሰው። ያኔ ከቤቱ የወጣ ሰው እንደሚመለስ እርግጠኛ ሆነን የምንናገርበት ሌላ ታሪክ አልነበረንም።

ከሁሉ ይበልጥ ውስጤ የቀረው ግን ፊልሙ ውስጥ የለም። ሁዳዴው ሊፈታ ሲል የእንጉዳይ አባት በጠራራ ፀሐይ መጣ፤ ከሲታ፣ አቧራ የለበሰ፣ አቁማዳ በትከሻው። እንጉዳይ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ድንገት ለቀቀችውና ወደ ጋሼ ይማም ቤት በረረች፤ እኔም ተከተልኳት። መኪናው ሥር ተጋድሞ ይጠግን ነበር። እግሩን ይዛ ጎተተችው።

«ጋሼ፣ ገባ» አለችው።

ማን እንደሆነ አልጠየቃትም።