ካፒቴን እምሩ ወደ ላይ የታጠፈ ዕለት

ካፒቴን እምሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰማይ ላይ አንድም ቀን መንገድ ስቶ አያውቅም። የሳተው መሬት ላይ ነው፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ መቶ አርባ መንገደኛ ጭኖ። ወሬው ፒያሳ ሲደርስ፣ የአራዳ ምላስ መቼም አይምርምና፣ «አውሮፕላን ይዞ ሰፈር ጠፋበት» ተባለ። በክፋት ያሉት አይደለም። ግን ሰውዬውን ጠጋ ብሎ «ምን ሆነህ ነው?» ያለው አንድም ሰው አልነበረም።

እምሩ ተወልዶ ያደገው ፒያሳ፣ እሪ በከንቱ ሰፈር ነው። እዚያ ያደገ ሰው ሰሜንና ደቡብን በትምህርት ቤት ይማራቸዋል እንጂ ለመንገድ አይጠቀምባቸውም። የፒያሳ ሰው አቅጣጫው ሁለት ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች። ወደ ጊዮርጊስ ከሆነ ላይ ነው፣ በቸርችል ጎዳና ከወረዱ ታች ነው፣ አለቀ። እምሩ በረራ ትምህርት ቤት ገባ፣ ኮምፓስ ማንበብ ተማረ፣ ካፒቴን ሆኖ ግማሹን ዓለም አዳረሰ፤ «ወደ ላይ» ሲባል ግን እስከ ዛሬ የሚታየው ዳገት ነው።

ትዳር አልያዘም። ዛሬ ነገ ሲል ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞላው። እናቱ ካረፉ ወዲህ የቀረው አንድ ሰው ኡመር ነበር፤ ወሎዬ፣ ልብስ ሰፊ፣ የግድግዳ ጎረቤቱ። እምሩ ከበረራ በተመለሰ ቁጥር ሻንጣውን ቤት ወርውሮ ኡመር ሱቅ ይገባል። ኡመር የስፌት መኪናውን እየረገጠ ይሰፋል፣ እምሩ ዱካ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያወራል። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ኡመር ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባ፣ እምሩ ደግሞ ቸርችል ጎዳና ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራየ። መጀመሪያ ሰሞን ይደዋወሉ ነበር። ስልክ ግን ዱካ አይሆንም። ኋላ ኋላ ለበዓል ብቻ ሆነ።

በአዲሱ ቤት ጎረቤቶቹን በር ሲዘጉ ይሰማል እንጂ መልካቸውን አያውቅም። በማይበርበት ቀን ካፌ ይወርዳል። አስተናጋጁ «እንደተለመደው?» ይለዋል፤ እሱም «እንደተለመደው» ይላል፤ የቀኑ ወሬ በዚያ ያልቃል። አንዳንዴ ቤት ገብቶ ድምፁ መኖሩን ለማረጋገጥ ይመስል ጉሮሮውን ይጠርጋል። ኩሩ ሰው ነውና ይህን ለማንም አይናገርም፤ ደግሞስ ለማን ይናገራል?

እንዲህ ያለ የአራት ቀን እረፍት ጨርሶ ነው ያን ዕለት ለበረራ የወጣው። ረዳት አብራሪዋ ሲሀም ነበረች፤ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ያደገች፣ ለካፒቴንነት ፈተና ሦስት ወር የቀራት ጎበዝ ልጅ። ደመናውን ካለፉ በኋላ፣ ለጨዋታ ያህል፣ «ካፒቴን፣ ሰፈርዎ የት ነው?» አለችው። እሷ የጠየቀችው ለወጉ ነው። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አቃተው።

ደንቡ ግልጽ ነው። አውሮፕላን ከአስር ሺህ ጫማ በታች ከወረደ አንስቶ መሬት ላይ ቆሞ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ከሥራ ውጭ ወሬ ክልክል ነው፤ የሥራውም ንግግር በእንግሊዝኛ ነው። እምሩ ይህን ለስንቱ ወጣት አስተምሯል። ያን ዕለት ግን አስር ሺህን አልፎ ወሬው ቀጠለ፣ ያውም በአማርኛ። ስለ ኡመር ነገራት፣ ኡመር ከሄደ ወዲህ ሱሪ የሚያሳጥርለት ሰው ማጣቱን ነገራት። ሲሀም መልስ በመንፈግ ልታስታውሰው ሞከረች፤ ታላቋ ነውና አፍ አውጥታ «ይበቃል» አላለችውም። መሬት ነክተው፣ ከመንደርደሪያው ወጥተው ወደ ማቆሚያው መንዳት ሲጀምር እንኳ የድሮው ሱቅ እንዴት እንደሚኬድ እያስረዳት ነበር፤ ከኬክ ቤቱ ታጥፈሽ፣ ትንሽ ወደ ላይ ብለሽ እያለ።

ያረፉበት የውጭ አገር አየር ማረፊያ ነው፤ በፊትም ያውቁታል። ነገር ግን የሁልጊዜው መንገድ ለጥገና ተዘግቶ የቁጥጥር ማማው በሌላ መንገድ እንዲሄዱ አዘዛቸው። ካርታ የምታነበው ሲሀም ናት፣ መሪውን የያዘው እሱ። ሲሀም ዓይኗን ከታብሌቷ ሳትነቅል፣ በእሱ አማርኛ ተስባ፣ «አሁን ወደ ላይ ነው» አለችው። እሷ በስልክ ካርታ ያደገች ናት፤ ላይ ማለት ለእሷ የስክሪኑ ላይኛው ጫፍ ነው፣ ያም በግራቸው ነበር። እምሩ በመስኮት አየ። በስተቀኝ ያለው መንገድ ከፍ ብሎ ይሄዳል። የፒያሳ ልጅ ሁለቴ አላሰበም፣ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ሲሀም ቀና ብላ «ይቁሙ፣ ካፒቴን» ስትለው ጊዜው አልፏል። ፊት ለፊታቸው የጭነት መጋዘን ግድግዳ ቆሟል፤ መዞሪያ የለም፣ አውሮፕላን ደግሞ እንደ መኪና ማርሽ አስገብተው ወደ ኋላ አይመልሱትም። ጎታች መኪና እስኪመጣ መንገደኞቹ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። የተቧጨረ ሰው የለም። ሁለቱ አብራሪዎች ግን አዲስ አበባ ሲመለሱ ነገሩ እስኪጣራ ከበረራ ታገዱ።

የአብራሪዎቹ ክፍል ድምፅ መቅጃ የቆየውን እያጠፋ በላዩ ላይ አዲስ ስለሚቀዳ የተባባሉትን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እምሩ ለአጣሪዎቹ በሚያስገባው ሪፖርት «ወደ ላይ አለችኝ» ብሎ ቢጽፍ ውሸት አይሆንበትም፤ እሱ ካፒቴንነቱን ይዞ ይቀራል፣ የልጅቷ ፈተና ግን ገደል ይገባል። ጥፋቱን ወደ ራሱ ቢያመጣው እሱ ከወንበሩ ይነሳል። እምሩ ከዚያ ወንበር ሌላ፣ ጎኑ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ በዚህች ከተማ አልነበረውም።

በአምስተኛው ቀን ሲሀም ደውላ ፒያሳ ድረስ መጣች። ኬክ ቤት ተቀመጡ። ልጅቷ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች፤ እናቷ ሳይቀሩ ምን ሆንሽ እያሉ አስጨንቀዋታል። ለሁለቱም እንዲበጅ የመንገዱ ምልክት አልታየንም ብለን እንጻፍ ይሆን አለችው፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። እምሩ የመጣችበትን ነገር ረስቶ ልጅቷ በመምጣቷ ደስ ብሎት ነበር። ሳትጠጣው የቀዘቀዘውን ማኪያቶ አይቶ ሌላ ያዘዘላት ቶሎ እንዳትሄድበት ነው፤ ይህ ገብቶት በራሱ አፈረ።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አለች ሲሀም። «ግራ ማለት ነበረብኝ።»

«አንቺ ያልሽውማ በካርታው ልክ ነው» አላት። «እኔ ነኝ ሰፈሬ የገባሁ መስሎኝ የታጠፍኩት። የሆነውን ብቻ ጻፊ፣ ሌላ ነገር አትጨምሪ።»

ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ ሰብሳቢ ካፒቴን ገብረአምላክ ነበር። ከእምሩ ጋር አብረው ሠልጥነዋል፤ አሁን ፀጉሩን ጨርሶ፣ ወንበሩ ከፍ ብሏል። ክፉ ሰው አይደለም። ሌሎቹ አባላት ለሻይ ሲወጡ ወንበሩን ወደ እምሩ አስጠጋና በዝግታ መከረው። ቅጹ ላይ ምክንያት የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ድካም ከተባለ አንተም ትድናለህ፣ ልጅቷንም ነገር አይነካትም፣ እንቅልፍ አጥቼ ነበር በለኝና እጽፈዋለሁ አለው።

ቀላል ነበር። እምሩ እሺ ሊል አፉን ከፈተ። ግን ከታገደ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት ስንት ዓመት፣ ማንም ያልጠየቀው ነገር ውስጡ ተጠራቅሞ ነበርና ሌላ ቃል ወጣው።

«አራት ቀን ሙሉ ተኝቼ ነው የመጣሁት። ድካም አይደለም፣ ገብሬ» አለ። «ሰው ናፍቆኝ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረው። ወሬውን የጀመረው እሱ መሆኑን፣ አማርኛውንም እሱ እንዳመጣው፣ ልጅቷ ታላቅን ላለማሳፈር ብቻ እንደተከተለችው፣ ከአስር ሺህ ጫማ በታች ዝም ማለት ሲገባው ዝም ማለት እንዳልቻለ። ስለ ኡመርም ነገረው። ገብረአምላክ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ሰማው። ሲጨርስ ውሃ ቀዳለት። አባላቱ ሲመለሱ ቅጹ ላይ «ትኩረት ማጣት» ብሎ ጻፈ፤ ለዚህ የሚሆን ሌላ ቃል ቅጹ አልነበረውም።

ሲሀም በነፃ ተለቀቀች፣ ፈተናዋም በቀኑ ሆነ። የእምሩ ውሳኔ በሳምንቱ በደብዳቤ ወጣ። ከካፒቴንነት ለስድስት ወር ወርዷል፤ ሦስቱን ወር ጨርሶ ከሥራ ርቆ ቤቱ ይቀመጣል፤ ከዚያ እንደገና ይሠለጥናል። ደብዳቤውን የሰጠችው ጸሐፊ መቀበሉን እንዲፈርምላት ጠየቀችው። እምሩ ሳይፈርም ባንኮኒው ላይ ተደግፎ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከማኅተሙ በላይ፣ ለማንኛውም እረፍት ወጪ ሠራተኛ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ይህን ጊዜ ከቤተሰብዎ ጋር በደስታ እንዲያሳልፉ እንመኛለን ይላል። እሷን መስመር ሁለት ጊዜ አነበባት። ከዚያ እስክሪብቶ ለመነና ፈረመ።